እህቴ ደሴቲቱን አልለቅም ያለች ቀን

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ወንድማችሁ ኃይሉ እባላለሁ። አብዛኞቻችሁ በመልክ ታውቁኛላችሁ፤ ድምፄን ግን ዛሬ ገና የምትሰሙት ይመስለኛል። ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ብዬ ሦስት እሑድ እጄን አንስቼ፣ ሦስቴም መልሼ አውርጄዋለሁ። ዛሬ እማማ ዘውዴ ገና ከበሩ ጀምረው በዓይናቸው ስለያዙኝ ማምለጫ አጣሁ። ጌታ ይመስገን። ቃል ቢጠፋኝ ታገሡኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ሳያወራ የሚውል ሰው ነኝ።

ሥራዬ መሃል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። አንዲት የመስታወት ክፍል አለችኝ፣ ቡዝ እንላታለን። አንድ ወንበር፣ አንድ ትንሽ ማሞቂያ፣ አንድ ራዲዮ አላት። መኪና ሲገባ ትኬት እሰጣለሁ፣ ሲወጣ ትኬት እቀበላለሁ። “ሃቭ ኤ ጉድ ዴይ” እላለሁ። ከዚህች ሌላ ቃል ከአፌ ሳይወጣ ወደ ቤቴ የተመለስኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ቤቴ ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው።

ወደዚህ አገር የመጣሁት ከታናሽ እህቴ ከትርሲት ጋር ነው። እናታችን ስታርፍ ትርሲት የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አባታችንን አታስታውሰውም። ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ፀጉሯን እንኳ የምጎነጉነው እኔ ነበርኩ፤ ጠማማ እየሆነ ጓደኞቿ ይስቁባት ነበር፤ ግን “ጋሼ ነው የሠራኝ” እያለች ትኮራበት ነበር። ካርቱም አራት ዓመት አብረን ተቀመጥን። ቶሮንቶ ስንደርስ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራየን፤ መኝታ ቤቱን ለሷ ሰጥቼ እኔ ሶፋ ላይ እተኛ ነበር። እሷ ትምህርት ቤት ገባች፤ እኔ ሥራ። ማታ ማታ የክፍሏን ልጆች አነጋገር እያስመሰለች ታስቀኝ ነበር። ወገኖቼ፣ ያ ቤት ያኔ ሙሉ ነበር።

እማማ ዘውዴ በዚያው ሕንፃ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ከትርሲት ጋር የተዋወቁት ኤሌቬተር ውስጥ ነው። ኤሌቬተሩ ተበላሽቶ አንድ ሰዓት አብረው ተዘግቶባቸው ነበር። እሷ ስታለቅስ እሳቸው እጇን ይዘው ሲጸልዩ ቆዩ። ከዚያ በኋላ ረቡዕ ረቡዕ እሳቸው ቤት በሚደረገው ጸሎት መገኘት ጀመረች። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ጌታን ተቀበልኩ ብላ ነገረችኝ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። የተቆጣሁት ለእምነቴ ተቆርቁሬ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ለሠርግና ለፍታት ብቻ ነበር። የአባቶቻቸውን እምነት ከልባቸው የሚጠብቁ ሰዎችን አከብራለሁ፤ እኔ ግን ከነሱ አልነበርኩም። እኔን ያቃጠለኝ ሰው ምን ይላል የሚለው ነበር። የኃይሉ እህት ጴንጤ ሆነች ይባላል። ያሳደጋት እሱ አይደለም ወይ ይባላል። አንድ ቀን ያገር ልጆች በምንሰበሰብበት ምግብ ቤት አንዱ ይህንኑ በሳቅ አነሳብኝ፤ እኔም ሳህኔን ጥዬ ወጣሁ።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር፣ ክረምት፣ በረዶ እየጣለ። ትርሲት ከጸሎት ስትመለስ ሻንጣዋን በር ላይ አቁሜ ጠበቅኳት። ምረጪ አልኳት። ወይ እኔን፣ ወይ እነሱን።

ትርሲት አልጮኸችም። ኮቷን እንኳ አላወለቀችም። “ጋሼ፣” አለችኝ፣ “አንተን አልፈልግም አላልኩም። ግን ጌታን ተዪው አትበለኝ።”

“እንግዲያው ውጪ፣” አልኳት።

ቁልፏን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች። እኔ በመስኮት ቆሜ አየኋት። ከታች አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሻንጣዋን ይዛ ቆመች። አንድ አውቶቡስ መጣ፣ አሳለፈችው። ሁለተኛው መጣ፣ አሳለፈችው። ሦስተኛውንም አሳለፈች። እንድጠራት እየጠበቀች እንደነበረ አሁን ይገባኛል። ያን ጊዜም ይገባኝ ነበር መሰለኝ። አራተኛው ላይ ተሳፈረች።

ለጥቂት ጊዜ የጸሎት ጓደኞቿ ጋ ተቀመጠች። ዜግነቷን ስታገኝ አሜሪካ ሥራ አግኝታ ሄደች ሲባል ከሰው ሰማሁ። በደቡብ ካሮላይና ጠረፍ አንዲት ትንሽ ደሴት አለች፤ እዚያ አንዲት አሮጊት ቤት እየኖረች ታስታምማቸዋለች ተባለ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ፣ ደብዳቤ ትልክልኝ ነበር። ፖስታው ጀርባ ላይ የደሴቲቱን ስም አነብና ሳልከፍተው ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ፣ ከፎጣዎቹ ሥር እከተዋለሁ። አልቀደድኩትም፣ አልጣልኩትም፣ አልከፈትኩትም። እንዲህ ሆኜ ስድስት ዓመት ኖርኩ።

ወገኖቼ፣ ብቸኝነት ምን እንደሚመስል ለማታውቁ ልንገራችሁ። ስልክ ይጮሃል፤ ሮጠህ ታነሳለህ፤ የተሳሳተ ቁጥር ነው። አንድ ቅዳሜ ምንጣፍዎን እናጽዳልዎ የሚል ሰው ደወለልኝ። ሃያ ደቂቃ አወራሁት። ስለ ዋጋው፣ ስለ ሳሙናው፣ ስለ አየሩ ጠየቅኩት። በመጨረሻ ምንጣፍዎ ስንት ሜትር ነው ሲለኝ ምንጣፍ እንደሌለኝ ነገርኩት። ወዲያው ዘጋው። እኔ ጥፋቱ የገባኝ ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው። ሠርግ ሲጠሩኝ ሥራ አለኝ እላለሁ፤ ቀስ በቀስ መጥራቱን ተዉት። መኝታ ቤቱ ባዶ ሆኖ እያለ እኔ አሁንም ሶፋው ላይ ነበር የምተኛው። ለምን ብትሉኝ ለጀርባዬ ይስማማዋል እል ነበር። ማንም ግን አልጠየቀኝም።

እማማ ዘውዴን ኤሌቬተር ውስጥ ሳገኛቸው ፊቴን ወደ ቁልፎቹ አዞራለሁ። “ደህና ዋልክ ልጄ” ይሉኛል። አልመልስም። ስድስት ዓመት አንድ ቀን ሳያቋርጡ “ደህና ዋልክ ልጄ” ብለውኛል።

ባለፈው መስከረም አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቡዜ ውስጥ ቁጭ ብዬ ራዲዮ እሰማለሁ። ትልቅ አውሎ ነፋስ፣ ሃሪኬን የሚሉት፣ ወደ አሜሪካ ጠረፍ እየመጣ ነው አለ ሰውየው። በባሕሩ ዳር ያለ ሕዝብ ቤቱን ለቆ እንዲወጣ ታዟል አለ። ይሄን ዓይነት ወሬ በየዓመቱ እሰማለሁ፤ ምኔም አይደለም። ከዚያ ሰውየው በግድ መለቀቅ ያለባቸውን ደሴቶች ስም እየጠራ ሄደ። ሦስተኛው ስም በአሥራ ሁለት ፖስታ ጀርባ ላይ ያነበብኩት ስም ነበር።

እጄ ላይ የያዝኩት ትኬት ወደቀ። ሾፌሩ መስታወቱን ሲያንኳኳ ነው የነቃሁት።

አለቃዬ ጋ ሄጄ እህቴ እዚያ ስላለች ልሂድ አልኩት። ጥሩ ሰው ነው፣ ወዲያው ሂድ አለኝ። ግን ገርሞት አየኝና፣ አራት ዓመት አብረን ስንሠራ እህት እንዳለህ አላውቅም ነበር አለ።

ቤቴ ስደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነበር። ስልኳን አላውቀውም። መሳቢያውን ከፈትኩና ደብዳቤዎቹን ሁሉ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ዘረገፍኩ። የፈለግኩት ቁጥሯን ብቻ ነው፤ ግን ዓይኔ ማንበብ ጀመረ። የመጀመሪያው ደብዳቤ “ጋሼ፣ በረዶው ላይ ስትሄድ ተጠንቀቅ፣ የድሮ ጫማህ ያንሸራትታል” ይላል። ይህን የጻፈችው ካባረርኳት ጥቂት ወራት በኋላ፣ ለፋሲካ ነው። ሌላው ባሕሩን ይነግረኛል፤ ጠዋት ጠዋት ከቤታቸው በር ሆና እንደምታየው፣ ቀለሙ በየሰዓቱ እንደሚለዋወጥ። ሁሉም መጨረሻ ላይ የስልክ ቁጥር አለ፤ “በፈለግከው ሰዓት ደውል” ይላል። አሥራ ሁለት ጊዜ።

የአራተኛው ዓመት ፋሲካ ደብዳቤ አጭር ናት። አንገቷ ላይ እብጠት ወጥቶ ኦፕራሲዮን ልትሆን መሆኑን ትጽፋለች። ሐኪሙ “ክፉ ይሁን ደህና ስንከፍተው ነው የምናውቀው፤ ከቤተሰብ ማን አብሮሽ ይሆናል?” ብሎ ጠይቋታል። “ወንድም አለኝ አልኩት፣” ትላለች። “ጋሼ፣ ባትመጣም ግድ የለም። ድምፅህን ብሰማ አልፈራም ነበር።”

የሚቀጥለውን ፖስታ ቀድጄ ከፈትኩት። ድናለች። ጌታ ይመስገን፣ ክፉ አልነበረም። ስትነቃ ከአልጋዋ አጠገብ የነበሩት ሚስ ኤዲት ናቸው። እሷ የምታስታምማቸው የሰማንያ ሰባት ዓመት አሮጊት፣ በከዘራ እየተደገፉ መጥተው፣ ቀኑን ሙሉ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው እጇን ይዘው ዋሉ። የእኔን ቦታ የያዙት እሳቸው ነበሩ። እኔ ያን ዕለት ቡዝ ውስጥ “ሃቭ ኤ ጉድ ዴይ” እያልኩ ነበር።

ኮል አደረግኩ። አንዴ ተይዟል፣ ሁለቴ ተይዟል። በስድስተኛው ጊዜ አንድ የደከመ የሴት ድምፅ አነሳ፤ ሚስ ኤዲት ራሳቸው ናቸው። የትርሲት ወንድም ነኝ አልኳቸው። ከዚያ ስሟን ሲጠሩ ሰማሁ፤ እግር ሲሮጥም ሰማሁ።

“ጋሼ?” አለች።

ስድስት ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ ነው። ደህና ነሽ ወይ፣ ናፍቀሽኛል፣ በድዬሻለሁ ማለት ሲገባኝ “ለምን እስካሁን አልወጣሽም?” ብዬ ጮህኩባት። እሷም እንደ ድሮዋ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ሄዷል። ደሴቲቱን ከየብሱ የሚያገናኛት አንድ ድልድይ ነው፤ ነፋሱ ስለሚበረታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል። መኪናዋ ነዳጅ ሞልታ በር ላይ ቆማለች። ሚስ ኤዲት ግን አልወጣም ብለዋል። ከብዙ ዓመት በፊት እንዲሁ ሃሪኬን ሲመጣ ከባላቸው ጋር ሸሽተው ነበር፤ ባላቸው ልባቸው ቆሞ መጠለያው ወለል ላይ፣ በሰው መሃል፣ አንድ ብርድ ልብስ ላይ ሞቱ። ቤታቸው ግን ምንም አልሆነም ነበር። ስለዚህ አሁን እኔ በአልጋዬ ነው የምሞተው፣ አንቺ ሂጂ ብለዋታል።

“ታዲያ ሂጂ!” አልኳት። “ብለውሻል እኮ።”

“ጋሼ፣ ሰው ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፣” አለች። “ትቻቸው አልሄድም።”

እሷ ቀጠለች። ጠዋት ፖሊስ መጥቶ ነበር፤ አስገድጄ ላወጣችሁ አልችልም፣ የማትወጡ ከሆነ ግን የቅርብ ዘመዳችሁን ስምና አድራሻ ስጡኝ፣ በኋላ የምናሳውቀው ሰው ያስፈልገናል አላቸው።

“አንተን አስመዘገብኩ፣” አለችኝ። “ሌላ ሰው የለኝም። ይቅርታ፣ ሳላስፈቅድህ።”

ወገኖቼ፣ ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ነች።

ከዚያ “ጋሼ፣ ትጸልይልኛለህ?” አለች። እሺ አልኳት። ሚስ ኤዲት ሲጠሯት መልሼ እደውላለሁ ብላ ዘጋች።

እሺ ያልኩት በውሸት ነው። እንዴት እንደሚጸለይ አላውቅም። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ የመኪናውን ሰልፍ ያሳያል፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ከባሕሩ የሚሸሽ። ወለሉ ላይ በደብዳቤዎቹ መሃል ተንበረከክሁ። ከልጅነቴ የማውቀው አባታችን ሆይን ነው፤ እሱን ጀመርኩ። በደላችንን የሚለው ጋ ስደርስ ቆምኩ። እንደገና ጀመርኩ፣ እዚያው ስደርስ አሁንም ቆምኩ። እሷ ምን በደለችኝና ነው ይቅር የምላት? የበደልኩት እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት እንደ ተበደለ ሰው ነበር የኖርኩት። ጸሎቱን አልጨረስኩትም። “ጌታ ሆይ፣ ካለህ እሷን አውጣት፤ እኔ ምንም አይገባኝም” አልኩና ተነሳሁ።

ተነስቼ ሳላስበው መልሼ ደወልኩ፤ ትርሲት አነሳች። ሚስ ኤዲትን ስጪኝ አልኳት። ለምን ስትለኝ ዝም ብለሽ ስጪኝ አልኳት። ያለኝ የፓርኪንግ እንግሊዝኛ ነው፤ በዚያችው በተሰባበረችዋ ነገርኳቸው። እህቴን ከቤቴ እንዳባረርኳት ነገርኳቸው። ቤቱ የኔ ነው ብዬ እንዳባረርኳት፣ ቤቱም እንደቀረልኝ፣ ስድስት ዓመት እንደጠበቅኩት፣ ሰው ግን እንደሌለበት ነገርኳቸው።

“እሷ እንዲህ አልነገረችኝም፣” አሉ። “ወንድሜ ሥራ ይበዛበታል፣ ለመጻፍ ጊዜ የለውም ነው ያለችኝ።”

ያን ጊዜ አለቀስኩ። እርስዎ ካልወጡ እሷ አትወጣም፣ እርስዎ ከወጡ ትወጣለች፣ ስለ እሷ ብለው ይውጡ እያልኩ ለመንኳቸው።

“ለምን ራስህ መጥተህ አትወስዳትም?” አሉኝ።

“እኔ ያለሁት ቶሮንቶ ነው። ድልድዩ ሊዘጋ አንድ ሰዓት ነው የቀረው።”

“ስድስት ዓመት ነበረህ፣” አሉና ስልኩን ዘጉት።

መልሼ ደወልኩ፤ ጠራ፣ ማንም አላነሳም። እንደገና ደወልኩ፤ አላነሱም። በሦስተኛው መስመሮቹ ሁሉ ተይዘዋል የሚል የተቀዳ ድምፅ መጣ። ከዚያ በኋላ ያ ድምፅ ብቻ ነበር።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ድልድዩ ተዘጋ ብዬ አሰብኩ። በዚህ ሁሉ ከተማ ውስጥ እህቴ ልትሞትብኝ ነው ብዬ የምነግረው አንድ ሰው አስቤ አጣሁ። ስም ፈለግኩ፤ አልመጣልኝም። ከዚያ እግሬ በደረጃ ወደ ዘጠነኛ ፎቅ ወሰደኝ። የእማማ ዘውዴን በር ሳንኳኳ ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ከፈቱ። “እማማ፣ ትርሲት...” አልኩና ቀሪው አልወጣልኝም።

“ግባ ልጄ፣” አሉኝ። ስድስት ዓመት ሰላምታቸውን ያልመለስኩላቸው ሴት ናቸው። ወጥ ቤት ወንበር ሳቡልኝ። ሾርባ አቀረቡልኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። አልገሠጹኝም፣ አልሰበኩኝም። እንዲህ ብቻ አሉኝ፦

“በየወሩ ትደውልልኛለች እኮ። መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ‘የጋሼ መብራት ይበራል?’ ነው። እኔም ምሽት ላይ ወደ ግቢው ወርጄ ቀና ብዬ መስኮትህን አያለሁ። ይበራል እላታለሁ። አንድ ጊዜ ሦስት ቀን ጠፍቶብኝ የሕንፃውን ኃላፊ ልጠራ ስል ታክሲ ይዘህ ከሆስፒታል ስትመጣ አየሁህ።”

እውነታቸውን ነው። ጨጓራዬን አሞኝ ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። ማንም አላወቀም ብዬ ነበር የማስበው።

ወገኖቼ፣ የተሰበርኩት እዚያ ነው። ስድስት ዓመት በዚህ ምድር ላይ የሚያየኝ የለም ስል፣ አንዲት አሮጊት በብርድ ግቢ ውስጥ ቆመው መስኮቴን ሲቆጥሩ ኖረዋል። ያባረርኳት ልጅ ከባሕር ዳር ሆና ስለ መብራቴ ትጠይቃለች። ይህን ፍቅር ማን ነው በሰው ልብ ውስጥ የሚያስቀምጠው? እማማ ዘውዴን “የእናንተን ጌታ እኔም እፈልገዋለሁ” አልኳቸው። እጄን ያዙ፤ እዚያው፣ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ፣ ራሴን ለጌታ ሰጠሁ። ስሙ ይባረክ። መብረቅ አልወረደም፤ ስለ እህቴም ልቤ አላረፈም። ግን ብቻዬን አልነበርኩም።

በማግስቱ ሥራ ገባሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ራዲዮው ነፋሱ ምድር ነካ አለ፤ የትኛውን ምድር እንደሆነ ግን በደንብ አልተናገረም። እማማ ዘውዴ በሁለት አውቶቡስና በባቡር መጥተው ከቡዙ ውጪ ቆመው አገኘኋቸው። ቡዙ ለአንድ ሰው ብቻ ናት፤ ወንበሬን ለቅቄላቸው እኔ ደጅ ቆምኩ። እስከ ሺፍቴ መጨረሻ አብረውኝ ዋሉ።

ሐሙስ ጠዋት ጫማዬን ሳስር ስልኩ ጮኸ።

“ጋሼ፣ እኔ ነኝ፣” አለች። “ወጥተናል።”

ከየብሱ ውስጥ፣ አንድ ትምህርት ቤት ጂምናዚየም ውስጥ ናቸው። ለስልክ ሁለት ሰዓት ተሰልፋ ነው የደወለችው። ያን ዕለት ሚስ ኤዲት ስልኩን ዘግተው አጠገቡ ተቀመጡ አለችኝ። እኔ ስደውል ይጮህ ነበር፤ አታንሺው አሏት። ከዚያ “ጫማዬን አምጪልኝ” አሉ። ከድልድዩ ላይ ሲወርዱ ፖሊሶቹ መዝጊያውን እያዘጋጁ ነበር። መጠለያው ሲደርሱ ሚስ ኤዲት የተነጠፈውን ብርድ ልብስ አይተው መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ ትርሲት አጠገባቸው ተኝታ እጃቸውን ይዛ አደረች።

አሁን አንድ ነገር በጥንቃቄ ልናገር። ነፋሱ በመጨረሻ ሰዓት ወደ ሰሜን ዞረ። የሚስ ኤዲት ቤት ምንም አልሆነም፤ በረንዳ ላይ የነበረ አንድ ወንበር ተገለበጠ። ይህን ለአንድ ወንድም ብነግረው በጸሎታችሁ ዞረ ብሎ ደስ አለው። እኔ ግን እንደዚያ ብዬ አልመሰክርም። የዞረበት ቦታም ቤት ነበረ፣ ሰው ነበረ፤ እነሱም የሚጸልይላቸው ነበራቸው። ነፋሱን የሚያውቀው ጌታ ነው። እኔ የምመሰክረው የማውቀውን ነው፤ ደንድኖ የነበረ አንድ ልብ ዞሯል፣ ያም የኔ ነው።

ትርሲትን በስልክ ይቅርታ ጠየቅኳት። አልጣደፈችም። “ጋሼ፣ እኔ አውቶቡሱ ላይ ሆኜ ነው ይቅር ያልኩህ፣” አለችኝ። “ግን አሁኑኑ ነይ አትበለኝ። ያ በር ገና ያመኛል።” እሺ አልኳት፤ ይህኛው እሺ እውነት ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ምስክርነቴ እህቴ እዚህ መጥታ አጠገቤ ቆማ ቢሆን ያምር ነበር። አልመጣችም። ከመስከረም ወዲህ ሰባት ወር ሆኗል፤ እኔ አሁንም ብቻዬን ነው የምኖረው፤ ማታ በሩን ስከፍት ደህና መጣህ የሚለኝ የለም። አንዳንድ ቀን ይከብደኛል፤ አልዋሻችሁም። ነገር ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እንደዋወላለን። ሚስ ኤዲት በሌላኛው ስልክ ገብተው ቤቴን በከንቱ አስለቀቅከኝ ብለው ይወቅሱኛል፤ ጤናቸውን የማውቀው ሲወቅሱኝ ነው። ባለፈው ሳምንት ትርሲት፣ ሳልጠይቃት፣ ወደዚያ ለመምጣት በክረምት ይሻላል ወይስ በበጋ አለችኝ። በበጋ አልኳት። ሌላ ነገር አልጨመርኩም። ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ጌታን አመሰገንኩት፤ ዛሬም በእናንተ ፊት አመሰግነዋለሁ።

ከመካከላችሁ ማንም አያየኝም የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ እኛ እርስ በርስ እንተዋወቃለን፣ በአቀማመጣችን እንለያለን። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ጌታ ያይሃል፣ ያይሻል፤ ታመኑት። እኔን ያህል ዓመት አትፍጁ። ወደ ፊት መውጣት ካልቻላችሁም አትጨነቁ፣ እኔም ሦስት እሑድ አልቻልኩም። አሁን የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ግድግዳው ጥግ ሄጄ እቀመጣለሁ። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነው። የከበደው ሰው ካለ ይምጣና አብሮኝ ይቀመጥ። ምንም መናገር የለበትም።